ላስኮን ያገኘው ውሻው ነውን?

መስከረም 2 ሲባል የእኛ ሰው ሐሳቡ ወዲያው ወደ 1967 ዓ.ም. ይሄዳል፤ ንጉሠ ነገሥቱ በቮልስዋገን ከቤተ መንግሥት ወደ ወጡበት ጠዋት። ከዚያ ልክ 34 ዓመት ቀደም ብሎ፣ መስከረም 2 ቀን 1933 ዓ.ም.፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ሴፕቴምበር 12 ቀን 1940፣ በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ ከምትገኝ አንዲት የወንዝ ዳር ከተማ የወጡ አራት ልጆች ጫካ ውስጥ ያለ አንድ ጉድጓድ አፉን አስፍተው በሆዳቸው እየተሳቡ ገቡበት። ከሥሩ ያገኙት ዋሻ ዛሬ ዓለም ላስኮ ብሎ የሚያውቀው ነው። ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ከተማዋ ሞንቲኛክ ትባላለች። ነዋሪዎቿ ሦስት ሺህ አይሞሉም። ቬዜር ወንዝ መሐል ለመሐል ሰንጥቋት ያልፋል፤ በዳርና በዳር የቆሙት አሮጌ ቤቶች የእንጨት ሰገነቶቻቸውን ወደ ውሃው አውጥተዋል። በመካከለኛው ዘመን የአካባቢው የፔሪጎር አውራጃ መኳንንት ምሽግ ነበረች፤ ከቤተ መንግሥታቸው የተረፈው ፍርስራሽ ዛሬም ከወንዙ በላይ ይታያል። ጸሐፊው ዦዜፍ ዡቤር በ1754 እዚህ ተወለደ፤ የፔሪጎርን ገበሬዎች አመፅ በልቦለድ የጻፈው ኤዤን ለ ርዋ ደግሞ በ1907 እዚሁ ሞተ። ረቡዕ ጠዋት ገበያ ይቆማል፤ የአካባቢው ዋልነት፣ አይብና የዳክዬ ሥጋ ይሸጥበታል። በበጋ የታንኳ አከራዮች ወንዙን ተከትለው ይሰለፋሉ። በ2020 ከተማዋ በስሟ ላይ የዋሻውን ስም ጨምራ ሞንቲኛክ ላስኮ ሆናለች።

ይህን ያህል ስለ ከተማዋ ይበቃል። የእኔን ትኩረት የያዘው በየዓመቱ በዚህ ሰሞን የሚነሣ አንድ ጥያቄ ነው፤ ዋሻውን ያገኘው ማን ነው? አራቱ ልጆች ወይስ ሮቦ የተባለው ውሻ?

በዓለም ዙሪያ በመማሪያ መጻሕፍትና በልጆች ተረት ውስጥ የገባው ወሬ እንዲህ ይላል። አራት ልጆች ውሻቸውን ይዘው ጫካ ገቡ፤ ውሻው ድንገት ጉድጓድ ውስጥ ወድቆ ጠፋ፤ ልጆቹ ጩኸቱን ተከትለው ሊያወጡት ቢወርዱ ግድግዳው ሁሉ ኮርማና ፈረስ ሆኖ ጠበቃቸው። ሁለተኛው አነጋገር ትንሽ ይለያል፤ ውሻው ጥንቸል ሲያባርር ጥንቸሏ ጉድጓዱ ውስጥ ገባች፤ ውሻውም ተከትሎ አፉን ሲጭር ልጆቹ ቦታውን አወቁት። ሦስተኛው ውሻውን ጨርሶ አያነሣም። በሞንቲኛክ ሽማግሌዎች ዘንድ ከከተማው ቤተ መንግሥት ተነሥቶ በወንዙ ሥር አልፎ ኮረብታው ላይ እስካለው የላስኮ መኳንንት ቤት የሚደርስ የምድር ውስጥ መንገድ አለ፣ በውስጡም ሀብት ተቀብሯል ይባል ነበር። ልጆቹ የሄዱት ያንን መንገድ ፍለጋ ነው ይላል።

ሦስቱን ለማመዛዘን ወደ ቀኖቹ መመለስ ያስፈልጋል፤ አብዛኛው ተራኪ ሁለት ቀን የነበረውን አንድ ቀን አድርጎታልና።

የመጀመሪያው ቀን እሑድ ሴፕቴምበር 8 ነው፤ በእኛ ጳጉሜን 3፣ የሩፋኤል ዕለት። ማርሴል ራቪዳ የተባለ፣ መኪና መጠገን የሚማር የ18 ዓመት ጎረምሳ ከሦስት ጓደኞቹ ጋር ወደ ኮረብታው ወጣ። ከእሱ በቀር እነዚህ በኋላ ስማቸው ከገነነው አራቱ ውስጥ አይደሉም። ሮቦ የዚህ የራቪዳ ውሻ ነው። ከዓመታት በፊት አንድ ዛፍ ከሥሩ ተነቅሎ በወደቀበት ቦታ ጉድጓድ ቀርቶ ነበር፤ ከብት እንዳይገባበት በእሾህና በቁጥቋጦ ተዘግቷል። ራቪዳ ድንጋይ ወደ ውስጥ ወረወረ። ድንጋዩ ወዲያው አላረፈም፤ እየተንከባለለ ራቅ ብሎ ሲወርድ ይሰማ ነበር። በዚያ ቀን የሆነው ይኸው ነው። ማንም አልገባም፣ ማንም ሥዕል አላየም።

ሁለተኛው ቀን ሐሙስ ሴፕቴምበር 12 ነው። በመካከል ያሉት ቀናት ለእኔ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ናቸው። ራቪዳ በእነዚያ ቀናት መብራት ሠራ፤ ከጋራዥ በተገኘ የዘይት መርጫ ላይ ክር አድርጎ ኩራዝ አበጀ። ትልቅ ቢላዋም ያዘ። ሐሙስ ሲነሣ የእሑድ ጓደኞቹ አብረውት አልነበሩም፤ በመንገድ ላይ ዣክ ማርሳልን፣ ዦርዥ አኜልንና ሲሞን ኮኤንካስን አገኘ። ሦስቱም በዕድሜ ከእሱ ያንሳሉ። ማርሳል የሞንቲኛክ ልጅ ነው፤ አኜልና ኮኤንካስ ከፓሪስ ዙሪያ የመጡ ናቸው። አራቱ እሾሁን መንጥረው የጉድጓዱን አፍ በቢላዋ እየቆፈሩ አሰፉት። ራቪዳ ጭንቅላቱን አስቀድሞ ገባ፤ በእርጥብ አፈር ላይ ተንሸራቶ ወደ ታች ወደቀ፤ መብራቱን እንደገና አቀጣጥሎ ሌሎቹን ጠራ።

ስለዚህ ውሻው እሑድ ዕለት ጉድጓዱ አጠገብ መኖሩን ለመካድ ምክንያት የለኝም። ጥንቸልም አባሮ ይሆናል። ነገር ግን የወደቀ ውሻ ለማውጣት የሚሮጥ ልጅ አራት ቀን ቆይቶ፣ ኩራዝ ሠርቶና ቢላዋ ስሎ አይመጣም። ሐሙስ ዕለት የገቡት ልጆች አስበውበት ገብተዋል፤ ከጉድጓዱ ሥር መንገድ አለ ብለው ያመኑ ናቸው። የፈለጉት የመኳንንቱን ሀብት ነበር፤ ያገኙት ሌላ ቢሆንም ፍለጋው ፍለጋ ነው። የውሻውን ታሪክ ጋዜጦች የወደዱት ለምን እንደሆነ ይገባኛል። ለአንባቢ ይጥማል፤ ለልጆች ይነገራል። ጉዳቱ ግን ዋሻውን የዕድል ስጦታ ማድረጉ ነው። የራቪዳን አራት ቀን ይሰርዛል። እሑድ ዕለት አብረውት የነበሩትን ሦስቱንም ይሰርዛል፤ እነርሱን ዛሬ የሚጠቅስ ጥቂት ነው።

ወደ ውስጥ እንመለስ። መብራቷ ደካማ ስለነበረች ልጆቹ ዛሬ የኮርማዎች አዳራሽ የሚባለውን ትልቁን ክፍል ያለፉት ምንም ሳያዩ ነው። ከራሳቸው በላይ ከ5 ሜትር የሚበልጥ ጥቁር ኮርማ ተዘርግቶ ነበር፤ በዓለም ከሚታወቁት የዚያ ዘመን የዋሻ ሥዕሎች በግዝፈቱ የሚተካከለው የለም ማለት ይቻላል። ቀጥሎ ወዳለው ጠባብ መተላለፊያ ሲገቡ ግን ግድግዳው ቀረባቸው፤ ራቪዳም ኩራዙን ከፍ ሲያደርግ ቀይና ጥቁር እንስሳት ታዩ። ከዚያ በኋላ ወደ ኋላ ተመልሰው ኮርማዎቹን አገኙ። በማግስቱ ገመድ ይዘው ተመለሱና ራቪዳ ወደ አንድ ጥልቅ ጉድጓድ ወረደ፤ ጓደኞቹ ከላይ ገመዱን ያዙለት። እዚያ ሥር ያለው ሥዕል እስከ ዛሬ ሊቃውንትን ያከራክራል፤ የወፍ ራስ ያለው ሰው በጀርባው ወድቋል፣ ፊት ለፊቱ አንጀቱ የተዘረገፈ ጎሽ ቆሟል፣ አጠገቡ በእንጨት ላይ የተቀመጠች ወፍ አለች፣ በግራ በኩል ደግሞ አውራሪስ ጀርባውን ሰጥቶ ይሄዳል።

በዋሻው 600 ያህል የተሳሉ እንስሳትና ከዚያ እጅግ የሚበዙ በድንጋይ የተጫሩ ምስሎች አሉ። ዕድሜያቸው ቢያንስ 17 ሺህ ዓመት ይገመታል። ቀዩና ቢጫው ከብረት አፈር፣ ጥቁሩ ከማንጋኒዝ ማዕድን የመጣ ነው። ከሁሉ የሚበዛው ፈረስ ነው። ሰዓሊዎቹ ከሚበሉት የተረፈው አጥንት ተቆፍሮ ሲታይ ግን አብዛኛው ሬይንዲር የሚባለው የብርድ አገር አጋዘን ነው፤ በግድግዳው ላይ ያ አጋዘን የተሳለው አንዴ ብቻ ነው። ሰዎቹ የሳሉት የሚበሉትን አልነበረም። ይህን ሳነብ እነዚያን ሰዎች አዳኝ ብቻ አድርጎ ማየት እንደማይበቃ ተረድቻለሁ፤ ከምግባቸው ሌላ የሚያስቡበት፣ ምናልባትም የሚፈሩትና የሚያከብሩት ነገር ነበራቸው።

አንድ ዕቃ ደግሞ አለ። በ1960 አባ አንድሬ ግሎሪ የተባሉ ካህንና ተመራማሪ በዚያው በጥልቁ ጉድጓድ ሥር ከቀይ አሸዋ ድንጋይ ተፈልፍሎ የተስተካከለ ኩራዝ አገኙ፤ እጀታው ላይ ምልክት ተቀርጾበታል። የሚነደው በእንስሳ ስብ ሲሆን ክሩ ከጥድ የተሠራ ነበር። ዛሬ ወንዙን ተከትሎ በስተደቡብ በሌዜዚ መንደር ባለው የቅድመ ታሪክ ሙዚየም ተቀምጧል። የዘይት መርጫ ወደ ኩራዝ የለወጠው የጋራዥ ተማሪ የተከተለው ያንኑ የጥንቱን ብልሃት ነው።

ልጆቹ ምስጢሩን ለመጠበቅ ተማማሉ፤ መሐላው ግን ብዙ አልቆየም። ሌዮን ላቫል ለተባሉት ጡረተኛ አስተማሪ ነገሩ። ላቫል መጀመሪያ የልጆች ተንኮል መስሏቸው ነበር፤ ሥዕል የሚችል ልጅ ልከው ንድፍ አስነሡ፤ ከዚያ ራሳቸው ገብተው አዩ። ካዩም በኋላ ማንም ግድግዳውን እንዳይነካ አጥብቀው ለልጆቹ አዘዟቸው። ሴፕቴምበር 21 ቀን በዚያ ዘመን በቅድመ ታሪክ ጥናት ስማቸው የገነነው አባ አንሪ ብረይ ከዋሻው ደረሱ፤ ከጦርነቱ ሸሽተው በአካባቢው ነበሩ። ሥዕሎቹ እውነተኛ መሆናቸውን መሰከሩ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር 27 ቀን የፈረንሳይ መንግሥት ዋሻውን በታሪካዊ ቅርስነት መዘገበው።

ልጆቹ የላቫልን ትእዛዝ ተቀብለው በዋሻው አፍ ድንኳን ተከሉ። ማርሳልና ራቪዳ በረዶው እስኪመጣና ከመጣም በኋላ እዚያው አድረዋል። አገሪቱ ተሸንፋ ለሁለት ተከፍላለች፤ ሞንቲኛክ ጀርመን ባልያዘው ክፍል ብትሆንም ከአልዛስ የተሰደዱ ሰዎች አካባቢውን ሞልተውታል፣ ምግብ በካርድ ነው። በዚህ መካከል ሁለት ወጣቶች አንድ ግድግዳ ይጠብቃሉ። ለእኔ ከግኝቱ ይልቅ የሚበልጠው ይህ ነው።

የአራቱ ዕጣ ከዚያ በኋላ ተለያየ። አኜል ለትምህርት ወደ ፓሪስ አካባቢ ተመለሰ። ኮኤንካስ አይሁዳዊ ነበር፤ ቤተሰቡ ወደ ፓሪስ ከተመለሰ በኋላ ተይዞ ድራንሲ በሚባለው ካምፕ ታሰረ። እሱ ልጅ በመሆኑ ተለቀቀ፤ እናትና አባቱ ግን በአውሽቪትዝ ተገደሉ። ማርሳል ለግዳጅ ሥራ ወደ ጀርመን ተወሰደ። ራቪዳ ወደ አርበኞቹ ጫካ ገባ።

የአራቱን ነገር እዚህ ላቆየውና፣ ከሞንቲኛክ የሚነሣ ጎብኚ ዛሬ የሚያየው ዋሻ ብቻ አይደለም። ቬዜር ሚልቫሽ ከሚባለው ደጋ ተነሥቶ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ሊሜይ መንደር ላይ ከዶርዶኝ ወንዝ ይቀላቀላል። ከሞንቲኛክ በታች ያለው ክፍል ዝግ ያለ ስለሆነ ታንኳ ቀዝፎ ለማያውቅ ሰው እንኳ ይመቻል። ወንዙ የኖራ ድንጋዩን እየበላ ገደል ሠርቷል፤ ገደሉም በበኩሉ በብርድና በውሃ ተበልቶ ጣሪያ ያለው መጠለያ ሆኗል። ሰው ከዚህ ሸለቆ ያልለቀቀው ለዚህ ነው፤ ውሃ ከእግሩ ሥር፣ ጣሪያ ከራሱ በላይ፣ ባልጩት በየቦታው።

ታንኳው መጀመሪያ በሎስ ቤተ መንግሥት ሥር ያልፋል። ቀጥሎ ሳን ሌዮን ሱር ቬዜር ይመጣል፤ የ12ኛው ክፍለ ዘመን ቤተ ክርስቲያኑ ወንዙ ዳር ነው፤ ብዙ ሰው እዚያ ወርዶ ምሳውን ይበላል። ከዚያ ላ ሮክ ሳን ክሪስቶፍ የሚባለው ገደል ይታያል። ርዝመቱ 1 ኪሎ ሜትር፣ ከፍታው 80 ሜትር ነው፤ በአምስት ደርብ ተቦርቡሯል። በመካከለኛው ዘመን መንደርና ምሽግ ነበር፤ በ1588 በሃይማኖት ጦርነቱ ጊዜ ፈረሰ። ደረጃው ቁልቁለት ስለሆነ ጥሩ ጫማ ይጠይቃል። ከገደሉ ትይዩ ለ ሙስቲዬ፣ ወረድ ብሎ ደግሞ ላ ማድሌን አሉ፤ የአርኪዮሎጂ ተማሪዎች የድንጋይ ዘመን ባህሎችን ስም የሚያውቁት ከእነዚህ ሁለት መንደሮች ነው። በመጨረሻ ሌዜዚ። በ1868 የባቡር ሐዲድ ሲሠራ ክሮማኞን የተባሉት አፅሞች የተገኙት እዚያ ነው። ፎን ደ ጎም የተባለው ዋሻም በዚያው አካባቢ ነው፤ ባለ ቀለም ሥዕል ካላቸው ዋሻዎች ለሕዝብ ክፍት ሆነው ከቀሩት ጥቂቶች አንዱ ሲሆን በቀን የሚገባው ሰው የተወሰነ ነው፤ መግባት የሚፈልግ አስቀድሞ ቦታ ይያዝ። ዩኔስኮ በ1979 የዚህን ሸለቆ 15 ቦታዎች በዓለም ቅርስነት መዝግቧል።

ላስኮ ራሱ ግን ዝግ ነው። በጁላይ 1948 ለሕዝብ ሲከፈት ራቪዳና ማርሳል አስጎብኚ ሆኑ። በቀን ከሺህ ሰው በላይ ይገባ ጀመር። የሰው ትንፋሽ ውሃና ሙቀት ይዞ ገባ፤ መብራቱ ደግሞ ተጨመረበት። በግድግዳው ላይ አረንጓዴ አልጌ በቀለ፤ ነጭ የኖራ ቅርፊትም ሥዕሎቹን ይሸፍን ጀመር። የባህል ሚኒስትሩ አንድሬ ማልሮ በ1963 አዘጉት። ሞንቲኛክ የመተዳደሪያዋን ዋና ምንጭ በአንድ ቀን አጣች። ውሳኔው ግን ትክክል ነበር፤ ሁለት ወጣቶች በድንኳን ያዳኑትን ግድግዳ ቲኬት ገዝቶ የገባ ሕዝብ በ15 ዓመት ሊያጠፋው ተቃርቦ ነበርና።

በ1983 ከዋሻው 200 ሜትር ርቆ የሁለቱ ትልልቅ ክፍሎች ቅጂ ተሠራ፤ ሞኒክ ፔይትራል የተባለች ሰዓሊ የጥንቱን ቀለምና ዘዴ ተከትላ ዓመታት ደክማበታለች። በዲሴምበር 2016 ደግሞ ከኮረብታው ግርጌ ላስኮ 4 የተባለው ትልቁ ማዕከል ተከፈተ። አሁን ጎብኚው የሚያየው ይህንን ነው። ቅጂ ነው ብሎ የሚንቅ አለ፤ አልስማማም። እውነተኛው ግድግዳ በጨለማው ተጠብቆ እንዲቆይ የሚከፈል ዋጋ ነው፤ እንዲያውም ትንሽ ዋጋ ነው። ማርሳል እስከ ሞተበት እስከ 1989 ድረስ ከዋሻው አልራቀም። ራቪዳ በ1995፣ አኜል በ2012 አረፉ። የመጨረሻው ኮኤንካስ ነበር፤ በ2020 ሞተ። ከዚህ በኋላ ስለ ውሻው የሚጠየቅ የዓይን ምስክር የለም።

ይህ ሁሉ ለእኛ ምናችን ነው ለሚል አንባቢ፣ አባ ብረይ ራሳቸው መልስ ትተዋል። ወደ ላስኮ ከመውረዳቸው ሰባት ዓመት ቀድሞ፣ በ1933፣ ኢትዮጵያ መጥተው ነበር። በድሬዳዋ አጠገብ ፖርክ ኤፒክ የሚባለውን ዋሻ ሥዕሎች አጥንተዋል፤ በማግስቱ ዓመትም ስለ ሐረር አካባቢ የዓለት ሥዕሎች በፈረንሳይኛ ጽፈዋል። ሥዕሎቹ ከላስኮ በብዙ ሺህ ዓመት ያንሳሉ። ከፖርክ ኤፒክ ወለል በቁፋሮ የወጣው ግን ሌላ ነው፤ ከ4 ሺህ በላይ የቀይና የቢጫ አፈር ቁርጥራጮች፣ ብዙዎቹ ተፈጭተውና ተሞርደው ተገኝተዋል። ዕድሜያቸው 40 ሺህ ዓመት ገደማ ነው። ካጠኗቸው ተመራማሪዎች መካከል ከሞንቲኛክ ብዙ ከማይርቀው የቦርዶ ዩኒቨርሲቲ የመጡ ይገኙባቸዋል። የላስኮ ሰዓሊዎች ቀለማቸውን ከመፍጨታቸው 20 ሺህ ዓመት ያህል አስቀድሞ የድሬዳዋን የደቻቱ ሸለቆ ቁልቁል በሚያየው በዚህ ዋሻ ቀለም ይፈጭ ነበር ማለት ነው።

ፖርክ ኤፒክ ከድሬዳዋ ከተማ በስተደቡብ ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ይርቃል፤ በእግር የሚደረስበት ነው። ላጋ ኦዳ የሚባለው፣ የከብትና የሰው ሥዕል የሞላበት የዓለት መጠለያ ደግሞ ከከተማው በስተደቡብ ምዕራብ ይገኛል። የከተማው አስተዳደር በመስከረም፣ ክረምቱ ወጥቶ ሸለቆው አረንጓዴ ሳለ፣ ከደቻቱ ተነሥቶ ወደ ዋሻው የሚወስድ የእግር መንገድ ያበጅ፤ በየዋሻው አፍም ከሠፈሩ ሁለት ሁለት ወጣት ደመወዝ ቆርጦ ጠባቂና አስጎብኚ አድርጎ ይመድብ። ሞንቲኛክም የጀመረችው በሁለት ወጣትና በአንድ ድንኳን ነው።